«ሲያለቅስ አታንሺው፤ ይሞላቀቃል»

ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህን ምክር ያልሰማች አራስ ትኖር ይሆን? ምክሩ ግን ስህተት ነው። ኤሪክ ኤሪክሰን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዕድሜ በ8 ደረጃ ከፍሎታል። የመጀመሪያው እስከ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ያለው ነው። ሕፃኑ ያኔ የሚማረው «ስጣራ የሚደርስልኝ አለ?» የሚለውን ነው። በዚያ ብርድ እናቱ በጋቢ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ስታስጠጋው መልሱን ያገኛል።

«ልጅ የሚጎብዘው ከሌላ ልጅ ጋር ሲወዳደር ነው።»

ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ልጁ «እችላለሁ ወይስ አልችልም?» እያለ ራሱን የሚፈትንበት ጊዜ ነው። መንዝ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ፣ 8 ዓመት የሚሆነው እረኛ ማታ በጎቹን በጣቱ እየነካ ሲቆጥር አየሁ። አንዷ ጎደለች። ሮጦ ከቁልቁለቱ ይዟት መጣ። የበግ ፀጉር ይፈትሉ የነበሩት አያቱ እንዝርታቸውን አስቀምጠው «ጎሽ፣ የኔ ጌታ!» አሉት። ፊቱ በራ። «የጎረቤት ልጅ እኮ በግ ጠፍቶበት አያውቅም» ቢሉት ኖሮስ? የበታችነት ስሜት የሚዘራው እንዲህ ባለ ቃል ነው።

«አንዱን ደረጃ የወደቀ አለቀለት።»

አይደለም። ደረጃዎቹ እንደ ክፍል ፈተና አይደሉም። ኤሪክሰን የሚፈልገው ሚዛን ነው፤ ትንሽ ጥርጣሬም ለልጅ ይጠቅመዋል። በልጅነት የተጎዳ ነገር አድጎም ሊጠገን ይችላል።

«የዛሬ ወጣት ጥጋበኛ ነው።»

ስንቁን ተሸክሞ ከገጠር የመጣ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር ተማሪ አስቡ። ቀዬው ላይ «የእገሌ ልጅ» ነበር። ከተማ ውስጥ ግን ማንም አያውቀውም። ፀጉሩን ቢያሳድግ፣ ጓደኛ ቢቀያይር ማንነቱን እየፈለገ ነው።

«ጡረታ ከወጡ በኋላ ምን እድገት አለ?»

አለ እንጂ! ስምንተኛው ደረጃ የእርጅና ነው፤ ሰው የኖረውን የሚመዝንበት። የኤሪክሰን ባለቤት ጆአን ደግሞ ለ80ዎቹና ለ90ዎቹ ዕድሜ ዘጠነኛ ደረጃ ጨምረዋል። ሽማግሌ የድሮውን ሲደጋግም ሁሌ «ጃጀ» አንበል። አባቴ ስለ መጀመሪያ ደመወዛቸው ሲያወሩ አቋርጣቸው ነበር። ባለፈው እሁድ ዝም ብዬ ሰማሁ። ለካ በዚያ ገንዘብ ለእናታቸው ነጠላ ገዝተው ኖሯል።