የተራራው ስብከት በናሽቪል ባንኮኒዎች

የተወደዳችሁ ወገኖች፥ ስለ ዘር እኩልነት ስናስተምር ቶሎ የምንጠቅሰው ገላትያ 3፥28ን ነው። በዚያው መልእክት አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ብንመለስ ግን ነገሩ በማዕድ ላይ ተፈትኖ እናገኘዋለን። ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር አብሮ ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ራሱን ለየ። የቀሩት አይሁድ ተከተሉት፤ በርናባስ እንኳ ሳይቀር ተሳበ። ጳውሎስ ይህን እንደ ጠባይ ድካም ቆጥሮ አላለፈውም፤ «እንደ ወንጌል እውነት በቅንነት እንዳልሄዱ» አይቶ በሁሉ ፊት ገሠጸው (ገላ. 2፥11-14)። ከማን ጋር እንደምንበላ የወንጌል ጉዳይ ነው።

ይኸው የማዕድ ጥያቄ በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ሕግና ልማድ ሆኖ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ኖሯል። የሃይማኖት መጻሕፍት ማተሚያዎችና የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች የበዙባትን ናሽቪልን፥ የቴነሲን ዋና ከተማ፥ እንመልከት። በመሀል ከተማ ያሉት ትልልቅ መደብሮች ለጥቁሩ ደንበኛ ልብስና ዕቃ ይሸጡለት ነበር። እዚያው መደብር ውስጥ ባለው የምሳ ባንኮኒ ግን ተቀምጦ አንድ ስኒ ቡና መጠጣት አይችልም። ያዕቆብ በመልእክቱ «አንተስ ወደዚያ ቁም» የሚለውን አድልዎ ሲኮንን (ያዕ. 2፥1-4) የሚናገረው ስለ መቀመጫ ነው፤ የናሽቪልም ክርክር ስለ መቀመጫ ነበር።

ይህን ለመለወጥ የተነሡት አብዛኞቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። ያዘጋጃቸው ጄምስ ላውሰን የሚባል ጥቁር የሜቶዲስት ሰው ነው። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ለውትድርና አልሄድም ብሎ ከአንድ ዓመት በላይ ታስሯል፤ ከዚያም በሕንድ ናግፑር ሚስዮናዊ ሆኖ ሲያገለግል የጋንዲን የትግል ስልት አጥንቷል። በ1957 (ዓመታቱም ወራቱና ቀኖቹም በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር ሲገናኝ ኪንግ ሳይዘገይ ወደ ደቡብ እንዲመጣ ለመነው። ላውሰን ናሽቪል ገብቶ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ነገረ መለኮት እየተማረ፥ በ1959 መጸው ተማሪዎችን በክላርክ መታሰቢያ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ማክሰኞ ማታ ማታ መሰብሰብ ጀመረ።

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፤ እኛ ብዙ ጊዜ የምንዘለው ክፍል ይህ ነውና። «ቀኝ ጉንጭህን በጥፊ ለሚመታህ ሁለተኛውን ደግሞ አዙርለት» የሚለውን ቃል እንሰብከዋለን እንጂ ማንንም አናሠለጥንበትም። ላውሰን ግን የተራራውን ስብከት ካስተማረ በኋላ ወንበር ደርድሮ ልምምድ ያስገባ ነበር። ጥቂቶቹ ባንኮኒ ላይ እንደ ተቀመጡ ይሆናሉ፤ የቀሩት ነጭ አጥቂዎች ሆነው ይሰድቧቸዋል፤ የሲጋራ ጭስ ፊታቸው ላይ ይነፉባቸዋል፤ ከወንበር ጎትተው ይጥሏቸዋል። የወደቀው ሰው ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፥ ጣቶቹን ከማጅራቱ ኋላ አቆላልፎ ራሱን መሸፈን ይማራል። አንዱ ክፉኛ ሲመታ ሌላው መልሶ አይመታም፤ ገላውን በመካከል አስገብቶ ዱላውን ይካፈላል። ከተቻለም የሚመታውን ሰው ዓይን ዓይኑን ማየት ይለማመዳሉ፤ አጥቂው ፊቱ ያለው ሰው መሆኑን እንዳይረሳ።

ለምን ይህ ሁሉ? እጅ ከሐሳብ ይፈጥናልና። በጥፊ የተመታ ሰው ጥቅስ አስታውሶ እስኪጨርስ እጁ ቀድሞ ይመልሳል። ስለ ጌታችን «ሲሰድቡት መልሶ አልተሳደበም መከራንም ሲቀበል አልዛተም» ተብሎ ሲጻፍ፥ ከዚያው ሁለት ቁጥር ቀደም ብሎ ያለው ቃል ፍለጋውን እንድንከተል ምሳሌ እንደ ተወልን ይናገራል (1ጴጥ. 2፥21-23)። ፍለጋ በእግር የሚከተሉት ነውና እግርን ማለማመድ ያሻል።

ከልምምዱ ቀጥሎ ሙከራ መጣ። ኅዳር 28 ቀን 1959 ሃርቪስ በተባለው መደብር፥ በሳምንቱ ደግሞ ኬይን ስሎን በተባለው፥ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀሉበት ትንሽ ቡድን ገባ። በመጀመሪያ ዕቃ ገዙ፤ ደንበኛ መሆናቸው እንዲታወቅ ነው። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ተቀምጠው አዘዙ። ሲከለከሉ ኀላፊውን ጠርተው ምክንያቱን በትሕትና ጠየቁ፤ መልሱን ሰምተው ወጡ። በዚያን ቀን ሙግት አልነበረም፤ የመጡት ለማወቅ ነበርና።

የካቲት 1 ቀን 1960 በሰሜን ካሮላይና ግሪንስቦሮ አራት ተማሪዎች ዎልዎርዝ በተባለው መደብር ባንኮኒ ተቀመጡ። ወሬው ናሽቪል ሲደርስ ሠልጥነው ከቆዩት ላይ ምንም ልምምድ የሌላቸው መቶዎች ተጨመሩ። ትልቁ አደጋ ከውጭ ያለው ወሮበላ ብቻ አልነበረም፤ ቅንዓቱ ያለው፥ ልምምዱ ግን የሌለው ወዳጅ ጭምር ነው። አንድ ሰው አንድ ቡጢ ቢመልስ የሁሉም ድካም ባንዴ ይፈርሳል፤ በማግሥቱ ጋዜጣው የሚያወራው ስለዚያች ቡጢ ነው። የካቲት 13 ቀን ከመቶ በላይ ተማሪዎች የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው፥ የትምህርት መጽሐፋቸውን ይዘው ገብተው ተቀመጡ።

ከተማሪዎቹ መካከል ጆን ሉዊስና በርናርድ ላፋዬት ደግሞ ደንቡን በአንድ ገጽ ጽፈው አባዝተው አደሉ። ብትሰደብ ወይም ብትመታ አትመልስ፤ አትሳደብ። ድምፅ አውጥተህ አትሣቅ። መሪህ ሳይፈቅድልህ ከወንበርህ አትነሣ። የመደብሩን በርና መተላለፊያ አትዝጋ። ሁልጊዜ ትሑትና ወዳጃዊ ሁን። ቀጥ ብለህ ፊትህን ወደ ባንኮኒው አድርገህ ተቀመጥ። ከባድ ነገር ቢደርስ ለመሪህ አስታውቅ። መጨረሻው የኢየሱስ ክርስቶስን፥ የጋንዲንና የኪንግን ትምህርት አስታውስ ይላል። ሣቅ ለምን ይከለከላል ብንል፥ ሣቅ በቁጣ ለሚንቀጠቀጠው ሰው ንቀት ሆኖ ይሰማዋል፤ ያን ሰው ደግሞ ሊያሸንፉት ሳይሆን ልቡን ሊመልሱ ነው የመጡት።

የካቲት 27 ቀን የተፈራው ደረሰ። ነጭ ወጣቶች ተማሪዎቹን ደበደቡ፥ ከወንበር ጎትተው ጣሉ፤ ፖሊስ ያሰረው ግን 81 ሰላማዊ ተማሪዎችን ነው። አንዱ ረድፍ ተይዞ ሲወጣ ሌላው ረድፍ ያንኑ ወንበር ይይዝ ነበር። ፍርድ ቤቱ 50 ዶላር ሲቀጣቸው ብዙዎቹ አንከፍልም፥ መቀጮውን መክፈል የተፈጸመብንን ግፍ መደገፍ ነው ብለው ወኅኒን መረጡ። ላውሰን ከዩኒቨርሲቲው ተባረረ። ጥቁሮቹ ምእመናን ደግሞ ለትንሣኤ በዓል ከመሀል ከተማ ልብስ አንገዛም ብለው አደሙ፤ የነጋዴውን ልብ ያለዘበው ይህም ጭምር ነው።

ሚያዝያ 19 ቀን ጎሕ ሲቀድ የተማሪዎቹ ጠበቃ የዜድ አሌክሳንደር ሉቢ ቤት በፈንጂ ፈረሰ። ፍንዳታው ፊት ለፊት ያለውን የመሃሪ ሕክምና ኮሌጅ ከመቶ በላይ መስኮቶች ሰባበረ፤ ሉቢና ባለቤቱ ግን በሕይወት ተረፉ። በዚያው ቀን ሺሕዎች ቃል ሳይናገሩ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ተጓዙ። በደረጃው ላይ ዳያን ናሽ የምትባል ተማሪ ከንቲባ ቤን ዌስትን ሰውን በዘሩ ወይም በቀለሙ ብቻ መለየት ስሕተት መሆኑን ያምን እንደ ሆነ ጠየቀችው። ለኅሊናው የቀረበ ጥያቄ ነበርና አዎ አለ። ግንቦት 10 ቀን ስድስት መደብሮች ባንኮኒያቸውን ለጥቁሮች ከፈቱ።

በ1963 በአላባማ ግዛት በበርሚንግሃም ኪንግና ፓስተር ፍሬድ ሸትልስዎርዝ የመሩት እንቅስቃሴ ይህንኑ ሥርዐት ወደ ጽሑፍ ቃል ኪዳን አሳደገው። ተሰላፊ ሁሉ ዐሥር ቃሎች ያሉት ካርድ ላይ ይፈርም ነበር። የመጀመሪያው የኢየሱስን ትምህርትና ሕይወት በየዕለቱ ማሰላሰል፥ ሁለተኛው የሚፈለገው ድል ሳይሆን ፍትሕና ዕርቅ መሆኑን ማሰብ፥ ስምንተኛው ከእጅ፥ ከምላስና ከልብ ዓመፅ መራቅ ነው። ልምምዱን ማለፍ ያልቻለ ሰው አይባረርም፤ መልእክት እንዲያደርስ፥ ስልክ እንዲያነሣ፥ እንዲጽፍ ይመደባል። አገልጋዮቻችንን ስንመድብ ይህን ብናስብ መልካም ነው፤ በጎ ልብ ያለው ሁሉ ለእያንዳንዱ ቦታ አይሆንም።

የሲቪል መብቶች ሕግ ሐምሌ 2 ቀን 1964፥ የምርጫ መብት ሕግ ነሐሴ 6 ቀን 1965 ተፈረሙ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 3 ቀን ደግሞ ለአውሮፓውያን ያደላውን የስደተኞች ኮታ የሻረው ሕግ ተፈረመ። በዋሽንግተንም ሆነ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የምንሰበሰብ ሀበሾች መንገዳችን በከፊል የተከፈተው በዚያ ዘመን መሆኑን ዐውቀን ብናመሰግን ተገቢ ነው።

ለጥናት ቡድኖች፥ ከማቴዎስ 5፥38-48 እና ከሮሜ 12፥14-21 ጋር የናሽቪልን ደንብ ጎን ለጎን አንብቡ። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ አንዱ ይስደብ፥ ሌላው ሳይመልስና ሳያቀረቅር አምስት ደቂቃ ይቈይ፤ ቀጥሎ ተለዋወጡ። ተሰዳቢው ውስጡ የተነሣውን ይናገር፤ ሰዳቢውም ይናገር፥ ስድብ ቶሎ ይለመዳልና። የሣቀ ካለ ገና ልምምዱ አልገባውም፤ እንደ ገና ይቀመጥ።