የውሃ ዑደት፦ አንዷ ጠብታ በ9 ቀን፣ ሌላዋ በሺ አመት

የውሃ ዑደት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የሳይንስ መጽሐፍ ላይ ያለው ስዕል ነው፣ ባህር አለ ፀሐይ አለ ደመና አለ፣ ይዘንባል ወንዙ ተመልሶ ባህር ይገባል በቃ። ስዕሉ ልክ ነው ግን ጊዜውን አያሳይም፣ እኔን ደሞ ከሁሉም የሚገርመኝ ጊዜው ነው።

ከምድር ውሃ 97 ፐርሰንት ገደማው ውቅያኖስ ውስጥ ነው። ፀሐይ ስታሞቀው ውሃው ይተናል ጨው ግን እዛው ይቀራል፣ ለዛ ነው ከባህር የተነሳ ውሃ ዝናብ ሆኖ ሲወርድ ጨው ጨው የማይለው። እፅዋትም በስራቸው የሳቡትን ውሃ በቅጠላቸው ያተናሉ። ትነት ብዙ ሙቀት ይፈልጋል፣ የፈላን ውሃ ሙሉ በሙሉ ተን ለማድረግ ያንኑ ውሃ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚፈጀው 5 እጥፍ በላይ ኢነርጂ ያስፈልጋል፣ ተኑ መልሶ ውሃ ሲሆን ደሞ ያ ሁሉ ሙቀት አየር ላይ ይለቀቃል፣ የትላልቅ አውሎ ነፋሶች ጉልበት ከዚህ ነው የሚመጣው።

ተን በአይን አይታይም። ደመና የምንለው ተኑ ከቀዘቀዘ በኋላ አቧራ፣ ጭስ ወይም የባህር ጨው ብናኝ ላይ ተጣብቆ የሆነው ደቃቅ ጠብታ ወይም በረዶ ነው፣ እና አንድ የዝናብ ጠብታ ለመሆን የነዚህ ደቃቆች 1 ሚሊዮን ያህል መገናኘት አለባቸው። አየር ላይ ያለው ውሃ በአማካይ 9 ቀን አካባቢ ብቻ ነው የሚቆየው፣ መጠኑም ትንሽ ነው፣ ሁሉም ባንዴ ቢዘንብ ምድርን በ25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚሸፍነው።

የዘነበው አብዛኛው እዛው ውቅያኖስ ላይ ይወድቃል። የብስ ላይ የወረደው ከፊሉ ወዲያው ይተናል፣ ከፊሉ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል፣ ቀዝቃዛ ቦታ ደሞ በረዶ ሆኖ ይቀራል (አንታርክቲካ ላይ 800,000 አመት ያስቆጠረ በረዶ ተቆፍሮ ወጥቷል)፣ የተረፈው ወደ መሬት ይሰርጋል።

ስዕሉ ላይ በአንዲት ቀስት የሚታለፈው ይሄ ስርገት ለኔ ዋናው ነገር ነው። ውሃው በአፈርና በአለት ቀዳዳዎች መሃል ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ቦታ ቦታ ላይ በቀን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ከዛ ምንጭ ሆኖ ይወጣል ወይ ወንዙን ከስር ይመግባል፣ ስለዚ ወራት ሙሉ ሳይዘንብ የሚፈስ ወንዝ ካያችሁ ድሮ የዘነበ ዝናብ ነው እያያችሁ ያላችሁት። ዛፉ ሲቆረጥ አፈሩ ሲጠቀጠቅ ወይ አስፋልት ሲለብስ ግን ውሃው መስረጊያ ያጣና በክረምት ጎርፉ ይጨምራል በበጋ ምንጩ ይደርቃል፣ ሁለቱ ችግሮች አንድ ናቸው።

ድሮ ብዙ ምሁራን ዝናብ ብቻውን ወንዞችን አይሞላም ብለው ያምኑ ነበር። ፈረንሳዊው ፒየር ፔሮ በ1674 የሴን ወንዝን የላይኛውን ክፍል ወስዶ አሰላውና የሚዘንበው ወንዙ ከሚያፈሰው 6 እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኘው፣ ማለት ዝናቡ ይበቃል ይተርፋልም።

ከመሬት ስር ያለው ሁሉ ግን ቶሎ አይተካም። ሰሃራ በረሃ ስር ያለው ግዙፍ የውሃ ክምችት በአብዛኛው አካባቢው ዝናባማ በነበረበት ዘመን፣ ከብዙ ሺ አመታት በፊት የሰረገ ነው፣ ዛሬ በፓምፕ እየወጣ እርሻ ይጠጣበታል፣ በላዩ ላይ ደሞ የሚተካው ዝናብ የለም ማለት ይቻላል።