ስለ ፕላስቲክ ጥቅም ድርሰት ለሚጽፉ ተማሪዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ፕላስቲክ ጥቅም የድርሰት ውድድር ሲወጣ ብዙው ጽሑፍ «ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ አይሰበርም» ብሎ ይጀምርና እዚያው ሲዞር ያልቃል። ድርሰቱን የሚያቆመው ግን የትኛው ፕላስቲክ፣ ለየትኛው ሥራ፣ በምን ሁኔታ የሚለው ነው። በዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚታዩት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

«ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ነው»

የሃይላንዱ ጠርሙስ እና የራሱ ክዳን እንኳ አንድ አይደሉም። ጠርሙሱ ፒኢቲ (PET) የሚባል ፕላስቲክ ሲሆን ክዳኑ ፖሊኤትሊን ወይም ፖሊፕሮፕሊን የሚባሉት ሌሎች ዓይነቶች ነው። ሁለቱንም በጥፍር ልክ ቆርጣችሁ ውሃ ውስጥ ብትጨምሩ ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ ጠርሙሱ ይሰምጣል። ቁራጩ ላይ የአየር አረፋ ከተጣበቀ ውጤቱ ስለሚያሳስት አንድ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበት። በ1 ሊትር ውሃ 150 ግራም ያህል ጨው ብታሟሙ ደግሞ በንጹህ ውሃ ሰምጦ የነበረው ጠንካራ ፖሊስታይሪን የሚባለው ሌላ የፕላስቲክ ዓይነት ወደ ላይ ይወጣል፤ ፒኢቲ እና ፒቪሲ (የቧንቧ ፕላስቲክ) ታች እንደሰመጡ ይቀራሉ። ይህን ሙከራ በአንድ ሠንጠረዥ ያስገባ ተማሪ ከሦስት ገጽ ውዳሴ የበለጠ ተናግሯል።

«ሦስት ማዕዘን የቀስት ምልክት ካለው እንደገና ጥቅም ላይ ይውላል»

አይደለም። ከ1 እስከ 7 ያለው ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ይነግራል። የሚሰበስበው እና የሚያቀልጠው ፋብሪካ በአካባቢው መኖሩን አይናገርም።

«እህል ላስቲክ ውስጥ ከገባ ከነቀዝ ይድናል»

ነቀዝን የሚገድለው ላስቲኩ አይደለም፣ የኦክስጅን እጥረት ነው። ፒክስ (PICS) የሚባለው የእህል ማከማቻ ከረጢት ሦስት ድርብ ነው፦ ከውስጥ እያንዳንዳቸው 80 ማይክሮን (0.08 ሚሊ ሜትር) ውፍረት ያላቸው ሁለት የፖሊኤትሊን ከረጢቶች፣ ከውጭ ደግሞ ማዳበሪያ የሚያዝበት ዓይነት የተሸመነ የፖሊፕሮፕሊን ጆንያ። ነቀዙ እና እህሉ ሲተነፍሱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ነቀዙ መብላት እና መራባት ያቆማል፣ ውሎ አድሮ ደርቆ ይሞታል። ኬሚካል አያስፈልገውም፤ በእኔ ግምት ለድርሰት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

የሚበላሸው በአያያዝ ነው። እርጥብ እህል ከታሸገ ይሻግታል፤ በቆሎ እርጥበቱ 13% ገደማ ሲደርስ ነው መግባት ያለበት። መለኪያ ከሌለ የደረቀ የመስታወት ጠርሙስ ሲሶውን በእህል ሞልቶ፣ ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምሮ አንድ ደቂቃ መነቅነቅ፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ማቆየት ነው። ጨው ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ እህሉ ከ15% በላይ እርጥበት አለውና ወደ ስጡ ይመለስ። ካልተጣበቀም 13% መድረሱን አያረጋግጥምና ለበቆሎ ትንሽ ፀሐይ መጨመር አይጎዳም።

ከመሙላት በፊት የውስጥ ከረጢቶቹን በአየር ነፍቶ መጫን ቀዳዳ ካለ ያሳያል። ሲሞላ እየጠቀጠቁ አየሩን ማስወጣት፣ ከላይ 20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር መተው፣ አፉን ጠምዝዞ፣ አጥፎ፣ እያንዳንዱን ከረጢት ለየብቻ ማሰር ያስፈልጋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰር የተለመደ ስህተት ነው። በየሳምንቱ ከፍቶ መቅዳትም እንዲሁ፤ በተከፈተ ቁጥር ነቀዙ ትንፋሽ ያገኛል። አይጥ የበሳው ከረጢት ደግሞ ተራ ጆንያ ነው።

«ፕላስቲክ ዘላለም አይበላሽም»

አፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን ይቆያል፤ ፀሐይ ላይ ግን በፍጥነት ይደክማል። ደጅ የከረመ ነጭ ጀሪካን የሚሰነጠቀው አልትራቫዮሌት ጨረር ፕላስቲኩ የተሠራባቸውን ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ስለሚበጥስ ነው። ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ ብዙ የውሃ ታንከር እና የመስኖ ቱቦ ጥቁር የሚሆነውም ለዚህ ነው፦ 2% ገደማ የካርቦን ጥላሸት ይጨመርበታል፣ እሱም ጨረሩን ይውጣል።

«የጨርቅ ከረጢት ምንጊዜም ይሻላል»

በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጥናት የጥጥ ከረጢት በአየር ንብረት ረገድ ከፕላስቲኩ ጋር ለመስተካከል 52 ጊዜ መመላለስ እንዳለበት አስልቷል። ሁሉም የአካባቢ ጉዳት መለኪያ ሲታይ 7,100 ጊዜ ይላል፤ ተማሪዎች የሚወዱት ይህን ቁጥር ነው። ከፍ ያደረገው ግን በዋናነት አንድ መለኪያ፣ የኦዞን ሽፋን መሳሳት ነው። የተነጻጸረውም የሱፐርማርኬት ወፍራም ከረጢት እንጂ የእኛ ስስ ፌስታል አልነበረም፤ ሜዳ ላይ የሚወድቀውም አልተቆጠረም። ቁጥሩን የሚጠቅስ ይህንንም ይጥቀስ።

«የጥቅም ድርሰት ስለሆነ ጉዳት አይነሳም»

ጉዳቱን የዘለለ ጸሐፊ በአንድ ጥያቄ ይወድቃል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ስሌት እስከ 2015 ከተጣለው የዓለም ፕላስቲክ እንደገና የተመረተው 9% ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር እና ከዚያ በታች በሆነ ፌስታል ላይ ገደብ ጥሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል ከልክሏል። ምክንያቱ ከጥቅሙ ጋር የተያያዘ ነው። ፌስታል የሚወደደው ቀላል ስለሆነ ነው፤ ቁራሌው ሃይላንዱን ለቅሞ ፌስታሉን ትቶ የሚያልፈውም በዚያው ቀላልነቱ ነው፤ አንድ ኪሎ ለመሙላት መቶዎችን መልቀም አለበት፣ ያም ጭቃው ታጥቦ ነው።