«በምርቃና ነው አይደል የምትጽፊው?» እና ሌሎች የሰለቹኝ ነገሮች

ባለፈው ሳምንት ከሳቢያን ወደ ከዚራ ባጃጅ ይዤ ስሄድ ልጁ በመስታወቱ ደጋግሞ ያየኛል። «እትዬ፣ ደራሲዋ አይደለሽም?» አለኝ። ድሬዳዋ ስለሆነ አንቱታ የለም። ነኝ አልኩት። «አቦ፣ ወላሂ አንዱን አንብቤዋለሁ! በምርቃና ነው አይደል የምትጽፊው?»

በሃያ ዓመት ውስጥ የወንጀል ታሪክ ጽፌአለሁ፤ የፍቅር ጽፌአለሁ፤ አንድ ታሪካዊ ልብ ወለድ፣ አንድ የሚያስፈራ መጽሐፍና ሁለት የልጆች መጽሐፎችም አሉኝ። ሰው የሚጠይቀኝ ግን ስለ ጫት ቅጠሉና ስለሚሰጠው ሞቅታ፣ ስለ ምርቃናው ነው። ዛሬ አንዴ መልሼ ልረፍ። ሌሎቹንም እግረ መንገዴን አነሳቸዋለሁ።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ወንጀሉን የሚጽፍልሽ ባልሽ ነው።» ባሌ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን ያዞራል።

«አዲስ አበባ ያልኖረ ደራሲ አይሆንም።» ትልልቆቹ ማተሚያ ቤቶች እዚያ ናቸው፤ አልክድም። ደብተርና እስክሪብቶ ግን እዚህ ድሬ ቀፊራ ገበያም ይሸጣል።

«ደራሲ ገንዘብ አለው።» እኛ አገር አብዛኛው ደራሲ የሚያሳትመው ከኪሱ አውጥቶ ነው። አከፋፋዩ ድርሻውን ያነሳል፣ አዟሪው ያነሳል፣ የቀረው የማተሚያ ዕዳ ይከፍላል። እኔን የሚያበላኝ የማስተማር ደመወዜ ነው።

«የልጆች መጽሐፍ ቀላል ነው።» እስቲ የስድስት ዓመት ልጅ ፊት ተቀመጡና አንብቡለት። አዋቂ ሲሰለቸው አፉን ሸፍኖ ያዛጋል። ልጅ ተነስቶ ይሄዳል።

አሁን ወደ ምርቃናው።

ቅሜ አላውቅም አልልም። ድሬ ተወልጄ እንዲህ ብል ማን ያምነኛል? ሁለተኛውን መጽሐፌን ስጀምር አንድ በዕድሜም በስምም የሚበልጠኝ ደራሲ «ያለ ምርቃና ሐሳብ አይመጣም» አለኝ። አመንኩት። ሦስት ወር ሙሉ፣ ከምሳ በኋላ፣ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ዕጣን ጨሶ፣ ሻሂው ቀርቦ ቃምኩ።

ሐሳብማ መጣ። ማን ይችለዋል! አንድ ቀን አስር ሰዓት ላይ ስመረቅን አንድ መጽሐፍ አልበቃ አለኝ፤ ሰባት ቅጽ ሆነ። የየቅጹን ርዕስ አወጣሁ። የሽፋኑን ቀለም መረጥኩ። መታሰቢያነቱን ለእናቴ ሰጠሁ። መጽሐፉ ሲመረቅ የምለብሰው ቀሚስ ሳይቀር ተወሰነ። ማታ ምርቃናው ሲሰበር ደብተሬን ገለጥኩት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንኳ የለም። ምርቃናው ምረቃውን ሰጥቶኝ መጽሐፉን ረስቶታል።

ድሬ ይህን ያውቃል እኮ! በርጫ ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ ሲቅም፣ ስንት ፎቅ ተሠርቷል፣ ስንት ሱቅ ተከፍቷል። ማታ የጫቱ ትራፊ፣ ገራባው፣ ሲጠረግ አብሮ ይጠረጋል። በዚያ ፎቅ የሚስቀው ሰው ልብ ወለዱ ሲሆን ለምን እንደሚያምን አይገባኝም።

ነገሩ ድግምት አይደለም። ቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። ወሬ ያስወድዳል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያሰባችሁት ሁሉ ድንቅ ይመስላችኋል። ይኸው ንጥረ ነገር ግን ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ይዳከማል። ከአወዳይ የጫት ገበያ የሚነሱት መኪኖች ነፍስ ይማር በሚያሰኝ ፍጥነት የሚነዱት ለዚህ ነው። የምርቃና ሐሳብም ከቅጠሉ አይሻልም፤ ካደረ ጠውልጎ ነው የምታገኙት። ከዚያ ድብርቱ አለ። ጠዋት ጠዋት የሌሊቱን እያነበብኩ አለቀስኩ። አንድ ምዕራፍ ላይ አራት ገጽ ሙሉ ስለ በር እጀታ ጽፌአለሁ። በሩ ደግሞ ታሪኩ ውስጥ አንዴም አይከፈትም።

በርጫ ምንም አልሰጠኝም ብል ግን ውሸታም ነኝ። ጨዋታ ሰጥቶኛል። በድሮው ባቡር ስለሚገባው ኮንትሮባንድ፣ ጨርቁን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ስለሚያሳልፉት ሴቶች የሰማሁት እዚያ ነው። ሁለት መጽሐፍ ወጥቶልኛል። አሁንም እሄዳለሁ። ሻሂዬን ይዤ እሰማለሁ። የምጽፈው በማግስቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሙቀቱ ሳይነሳ። በቀትርማ ድሬ ራሷ ሱቋን ዘግታ ትተኛለች፣ እኔ ማን ነኝ?

ለመጻፍ ለምታስቡ ልጆች ከጀመርኩ አይቀር ልምከር። ሰዓት ይኑራችሁ፤ ስሜት እስኪመጣ አትጠብቁ። የዛሬውን ስታቆሙ ነገ ከየት እንደምትነሱ እያወቃችሁ አቁሙ፤ ያኔ ጠዋት ባዶ ወረቀት ላይ አታፈጡም። የጻፋችሁትን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ምላሳችሁ የተደናቀፈበት ቦታ አንባቢም ይደናቀፋል። ሰው አፍ ላይ የሰማችሁትን ቃል እዚያው ቀን መዝግቡ፤ «አልረሳውም» ያልኩትን ሁሉ ረስቼዋለሁ። ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ደግሞ ኮፒ ይኑራችሁ፣ ኮፒ! የአንድ መጽሐፌን ግማሽ ፍላሽ በልቶብኛል።

ወደ ምርቃናው ልመለስ፤ የተማሩት ሰዎች ደግሞ ሌላ ማስረጃ አላቸው። «ራምቦስ? ገጣሚ ያደረገችው ሐረር አይደለችም?» አይደለችም። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ሲገባ 26 ዓመቱ ነበር፤ ግጥም ከተወ ዓመታት አልፈውታል። ሐረር ላይ ቡናና ቆዳ ነገደ፤ በኋላም ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጠ። ለቤተሰቦቹ የሚልከው ደብዳቤ በገንዘብ ጉዳይና በመሰልቸት የተሞላ ነው። እሱ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ «የራምቦ ቤት» የሚባለውን ያማረ ቤት ያሠራው ከዚያ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ሂዱና እዩት፣ መስኮቶቹ ብቻ ያስደስታሉ። ለጫቱ ግን ሌላ ምክንያት ፈልጉ።

«አንድ ነገር ላይ የማትረጊው ራስሽን ስላላገኘሽ ነው።» ይህን የሚሉኝ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ናቸው። ደቻቱን ታውቁታላችሁ፤ ከዚራንና መጋላን የሚለየውን አሸዋ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ነው። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ይዘንብና በድንገት ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እኔ ስለዚህ ወንዝ ሦስት ጊዜ ጽፌአለሁ። «ወንዙ ሲደርቅ የት ይሄዳል?» ብዬ ስጠይቅ የልጆች መጽሐፍ ሆነ። «ሌሊት የሚሰማው ድምፅ ምንድን ነው?» ስል የሚያስፈራው ወጣ። «እሷ መጋላ፣ እሱ ከዚራ ቢሆኑስ?» ስል ደግሞ ፍቅር። ወንዙ ያው ነው። በሦስት ዓይነት መንገድ ስለጻፍኩት ራሴ የት እንደጠፋ አላውቅም።

«ልብ ወለድ አይደል፣ ደስ ያለሽን ፍጠሪ!» ይህቺ ዋጋ አስከፍላኛለች። በታሪካዊው መጽሐፌ ሁለት ፍቅረኞች በ1905 ዓ.ም. ከድሬ አዲስ አበባ በባቡር ይገባሉ። ባቡሩ ድሬ ከደረሰ በኋላ በዚያው የቀጠለ መስሎኝ ነበር። መጽሐፉ በወጣ በወሩ አንድ ጡረተኛ የምድር ባቡር ሠራተኛ ቤቴ ድረስ መጡ። አንኳኩ፤ ቁጭ አሉ፤ ሻሂም አልፈለጉም። «ልጄ፣ በ1905 የቱ ሐዲድ ነው አዲስ አበባ የደረሰው? ልጆቹን ከመንገድ ላይ ልታወርጃቸው ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሐዲዱ ድሬ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከተማዋም የበቀለችው ያኔ ነው። ከዚያ ኩባንያው ከሰረና ሥራው ለዓመታት ቆመ። አዲስ አበባ የገባው ገና እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ፍቅሩን የፈለግሁትን ያህል ልፈጥር እችላለሁ። ሐዲድ መዘርጋት ግን አልችልም። በሁለተኛው እትም ልጆቹ መንገዳቸውን በበቅሎ ጨረሱ፤ እውነቱን ለመናገር ፍቅራቸውም በበቅሎ ይሻላል።

የመጨረሻዋ፤ «ገጸ ባሕሪዎችሽ ጎረቤቶችሽ ናቸው።» አይደሉም። የአንዱን ሳቅ፣ የሌላውን አረማመድ፣ የሦስተኛውን ዕዳ ወስጄ አንድ ሰው እሠራለሁ። ማንም ሙሉ ለሙሉ መጽሐፍ ውስጥ አይገባም። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ግን አይገባትም። ቡና በጠራችኝ ቁጥር «እኔን መቼ ነው የምትጽፊኝ?» ትለኛለች። አራተኛው መጽሐፍ ላይ፣ ምዕራፍ ሁለት፣ ከነነጠላዋ ተገድላለች። እስካሁን አላነበበችውም።