ለተቀማጭ ሰማይ ቅርቡ ነው

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ሰው ታንኳ ሲያይ «ምነው እንዲህ ተንቀረፈፈ!» ማለቱ አይቀርም። ታንኳው የደንገል ነው፤ ውኃ በጠጣ ቁጥር ይከብዳል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ጭነቱን ይንጠዋል፤ ከዘጌ ማገዶ ጭኖ የሚመጣው ቀዛፊ ደግሞ ያንኑ አንድ ዘንግ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ክንዱ እስኪዝል ይቀዝፋል። ቡና ጠጪው ይህ ሁሉ አይታየውም። «ለተቀማጭ ሰማይ ቅርቡ ነው» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

አባባሉ የመነጨው ዓይን ከሚያየው ነው። ቁጭ ብሎ አሻግሮ ለሚያይ ሰማዩ ከምድር ጠርዝ ላይ የተደፋ ይመስለዋል፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው ጣና ላይማ ከውኃው ጋር የተሰፋ ነው የሚመስለው። ተነሥቶ የሄደበት ግን በተጠጋው ልክ ሲሸሸው ያያል። ስለዚህ ሳይሞክሩ «ይኼ ምን ያቅታል?» ለሚሉ ይነገራል። (የኳስ ተመልካች በሙሉ እዚህ ውስጥ ይገባል።)

አንዳንዴ ግን ያለቦታው ይወረወራል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ቡርኪና ፋሶ የሚካሄደውን የአፍሪካ የፊልም ፌስቲቫል የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። ተራኪው አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ፣ በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ጣና አጠገብ ወዳለው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ወታደሮች ልጆችን ለጦርነት ያፍሳሉ፤ ያመለጡት ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። አንበርብር ያያል። የተማረ ነውና መንደሩ መላ ይጠብቅበታል፤ እሱ ግን ቅዠትና ትዝታ ተምታቶበት ዝም ይላል። «ምን ተቀምጦ ያያል?» የሚል ተመልካች አይጠፋም።

እኔ በዚህ አልስማማም። ተቀማጭ የሚባለው ነገሩ የቀለለበት ሰው ነው። አንበርብር በአብዮቱ ተስፋ አድርጎ ወደ አገሩ የገባ፣ ወዳጁ ሲገደል ያየ ሰው ነው፤ ሰማዩ እንደሚሸሽ ሄዶበት ያውቃል። ይልቅስ አባባሉ የሚመጥነው ሲኒማ ወንበር ላይ ተደላድለን «እኔ ብሆን ኖሮ…» ለምንለው ነው። ለአንበርብር «ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም» የተሻለ ይቀርበዋል፤ የፊልሙም ትረካ የሚሄደው እንደ ቁስለኛ ትዝታ ነው፦ የቀደመው ኋላ፣ የኋላው ቀድሞ እየመጣ።