አባ ሙሴ በሌሊት የቀዳው ውኃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰኔ 24 የአባ ሙሴ ጸሊም (የጥቁሩ ሙሴ) ዕረፍቱ ታስቦ ዋለ። ቀኑ የአባታችን የተክለ ሃይማኖት ወርኃዊ መታሰቢያም ስለሆነ አብዛኞቻችን ሙሴን ሳናነሣው ውለናል። እርሱ ተረሳሁ ብሎ ቅር የሚለው አባት አይደለም። ለድሆች ስንሰጥ ፊታቸውን እየቀረጽን በስልክ ከምናዞረው ከሰሞኑ ነገራችን ስነሣ ግን በዚህ ዓመት በጣም ያስፈልገን ነበር እላለሁ።

ታሪኩን የቅዱሳን ዜና በየዕለቱ ከሚነበብበት ከስንክሳር ሰምታችኋል። ፀሐይን የሚያመልኩ ሰዎች ባሪያ ነበር፤ ነፍሰ ገዳይ፣ ቀማኛ፣ አገር የሚፈራው ጉልበተኛ። በግብፅ አስቄጥስ በረሃ ያሉ መነኮሳት እግዚአብሔርን ያውቁታል ሲባል ሰምቶ ሰይፉን እንደታጠቀ ወደ ገዳሙ ወረደ። ከመነኮሳቱ አንዱ አባ ኤስድሮስ ተቀብሎ ወደ አባታቸው ወደ አባ መቃርስ አደረሰው። አመነ፣ ተጠመቀ፣ መነኰሰ። ከዚያ በኋላ ከፈቃደ ሥጋው ጋር ያደረገው ተጋድሎ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።

እኔ ከገድሉ የምወደው ውኃውን ነው። በገዳሙ ወደ ጉድጓዱ ለመውረድ አቅም ያነሳቸው አረጋውያን ነበሩ፤ ጉድጓዱም ሩቅ ነው። ሙሴ ሰው ሁሉ ሲተኛ ይነሣና በየበኣታቸው ደጅ እየዞረ ባዶውን ማድጋ ይሰበስባል፤ ወርዶ ይቀዳል፤ ተሸክሞ ይመለሳል፤ እያንዳንዱን በነበረበት አስቀምጦ ይሄዳል። በጨለማ ሰው ደጅ መሄድ ድሮም የሚያውቅበት ሥራ ነው። ያን ጊዜ ሊወስድ ነበር የሚሄደው። ሽማግሌው ማለዳ ወጥቶ ማድጋውን ሞልቶ ሲያገኘው ማንን ያመስግን? የቀዳውን አላየውም። ስለዚህ ምስጋናው በመንገድ ላይ ሳይቀር በቀጥታ ወደ እግዚአብሔር ይወጣል።

ጌታችን በተራራው ስብከት «አንተ ግን ምጽዋት ስታደርግ ምጽዋትህ በስውር እንዲሆን ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ያለውን (ማቴ. 6፥3) ብዙ መምህራን በቃል ተርጉመውልናል። ሙሴ በማድጋ ተረጎመው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። የሐዋርያት ጾም ላይ ነን፤ ክረምቱም ገብቷል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያሉ ነዳያንን ለማብላት የተነሡ ማኅበራት አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን በየስልካችን የሚዞረውን ምስል አይታችሁታል። አንዲት እናት ዳቦ ሲሰጣት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ትሸፍናለች፤ ካሜራው ዞሮ በሌላ በኩል ይመጣባታል። «እማማ፣ ቀና በይ» የሚል ድምፅም ይሰማል። በአንድ ዳቦ ፊቷን ገዛናት! ልጆቿ አገር ቤትም ውጭም ይኖሩ ይሆናል፤ ጎረቤት ያውቃት ይሆናል፤ በድህነቷ ላይ የቀረቻት አንዲት ነገር መከናነቧ ነበረች። እርሷንም ወሰድንባት። ከዚያም «የአገልግሎታችን ፍሬ» ብለን ጻፍንበት። ይህን ሳይ ከቁጣው ይልቅ ኀዘኑ ይበረታብኛል፤ ምክንያቱም እነዚህ ልጆች ክፉዎች አይደሉም። ዝናብ እየመታቸው ድስት ተሸክመው የመጡ ናቸው። ድካሙን ደክመው ዋጋውን እዚያው ደጅ ላይ በልተውት መሄዳቸው ነው የሚያሳዝነው። ጌታ «ዋጋቸውን ተቀብለዋል» ያለው ይህን ነው፤ የሚቀር ሒሳብ የለም ማለቱ ነው።

«ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ» ተብሎ የለም ወይ? ትሉኛላችሁ። ተብሏል። ግን ጥቅሱን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ «በሰማያት ያለውን አባታችሁን እንዲያከብሩ» ይላል (ማቴ. 5፥16)። አይተው ማንን አከበሩ? ከምስሉ ሥር የተጻፈውን ተመልከቱ፤ «ጀግኖች»፣ «እናንተን የወለደች ማኅፀን» ይላል። አብ የት ደረሰ? የተሰበሰበውን ገንዘብ ማሳወቅማ ግዴታ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም በምእመናን ርዳታ ማንም እንዳይነቅፈው ይጠነቀቅ ነበር (2ኛ ቆሮ. 8፥20)። ደረሰኙን አሳዩ። የእናቲቱን ፊት ተዉት።

እኛ መምህራንም ከዚህ አናመልጥም። ጉባኤ ሲጠራ በማስታወቂያው ላይ ፎቶዬ ከማን ጎን ሆነ፣ ስሜ ከማን በታች ተጻፈ የሚለው ጭቅጭቅ ሕዝቡ ጆሮ ሳይደርስ በየጓዳው ስንት ጉባኤ አፍርሷል። ጻፎችና ፈሪሳውያን የከበሬታ ወንበርና «መምህር ሆይ» መባልን ይወዱ ነበር ብለን ስናስተምር ድምፃችን አይርድም። ውዳሴ ከንቱን በማውገዛችን ውዳሴ እንፈልጋለን፤ ከዚህ የረቀቀ በሽታ አላውቅም።

ሙሴን ግን እዩት። ቅስና ሊሾሙት ሲያቀርቡት ሊቀ ጳጳሳቱ ሊፈትነው ፈልጎ «ይህን ማን አመጣው? አውጡት» አለ። አወጡት። አልተከራከረም፤ ስንት ሌሊት ውኃ እንደቀዳም አልቈጠረም። የደረሰበት ሁሉ እንደሚገባው ለራሱ እየነገረ ወጣ። ኋላ መልሰው አስገብተው ሲሾሙት ሊቀ ጳጳሳቱ «ሙሴ ሆይ፣ እነሆ ሁለንተናህ ነጭ ሆነ» አለው። እርሱም «አባቴ ሆይ፣ በውጭ ነው ወይስ በውስጥም?» ብሎ ጠየቀ።

እኛ ነጭ ነጠላ ለብሰን ስንወጣ ይህን የጠየቅን አለን? በማኅበራችን የምስጋና ዝርዝር ስሙ ተዘልሎ ሲቀር ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የሚቀር አገልጋይ አለ። ለምን ጠፋህ ሲሉት «ሥራ በዝቶብኝ» ይላል። ያ ሰው ማንን ሲያገለግል እንደነበር ያን ቀን ራሱ ሊያየው ይችል ነበር፤ ስሙ የተዘለለው ምናልባት ስለዚሁ ይሆናል።

ይህን የምታነቡ፣ ስማችሁ የትም የማይጠራ ብዙዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለመሥዋዕቱ ስንዴውን የምትለቅሚና የምትፈጪ ዐቃቢት እናቴ፣ ቅዳሴው ሲያልቅ ሁሉ በር በሩን ሲያይ ምንጣፉን የምታጥፍ ወንድሜ፣ በዓረብ አገር በሰው ቤት እየሠራሽ ለአጥቢያሽ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ በሌላ ሰው ስም ብር የምትልኪ እኅቴ፦ አንዳንዴ «ማንም አላየኝ» የሚል ኀዘን ይመጣባችኋል። ሰው ናችሁና ይመጣል። በስውር የሚያየው አባታችሁ ግን ማድጋውን አንድ በአንድ ቈጥሮታል፤ ዋጋውም እንዳለ አልተነካም።

ጾሙ ሐምሌ 5 እስኪፈታ ጥቂት ቀን አለን። በየሰፈራችን ውኃ ለመቅዳት፣ መድኃኒት ለመግዛት፣ በክረምቱ የሚያፈሰውን ጣሪያ ለማስጠገን አቅም ያነሣቸው አረጋውያን አሉ። ስልኩን ቤት ትተን እንሂድላቸው።

የአባታችን የሙሴ ጸሊም በረከቱ ይደርብን፤ አሜን።