ሐረር ጀጎል፦ ከተማዋን በገበያዋ በኩል

ሐረር ሄዶ "ዛሬ ልጎብኝ፣ ነገ ልገብይ" ብሎ ማቀድ አያስኬድም። ሁለቱ አይለያዩም። መስጊዱ ያለው ቅመም ከሚሸጥበት ጀርባ ነው። ሙዚየሙም ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ እልፍ እንዳሉ ይገኛል። የድሮውን ቤት ልታዩ ስትገቡ ደግሞ ባለቤቷ ከግድግዳዋ ላይ ሰፌድ አውርዳ "ይቺን ውሰዱ" ትላችኋለች። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ገበያውን ተከተሉ፣ ከተማዋ ራሷ ትመጣላችኋለች።

ሐረር ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 525 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየሩ ደግ ነው። በአውሮፕላን ወይም በባቡር የሚመጣ ሰው ድሬዳዋ ይወርዳል። ከዚያ በመኪና የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ፣ ሐሮማያን አልፎ፣ አወዳይን ሰንጥቆ ሐረር ይገባል። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አወዳይ የጫት ገበያ ናት። የገበያው ጩኸት ገና ከመኪናው ሳትወርዱ ይቀበላችኋል።

ሊታይ የሚገባው ጀጎል ነው። ጀጎል የሚባለው አሮጌውን ከተማ የከበበው ግንብ ነው፤ ሰው ግን ውስጡን ከተማም በዚሁ ስም ይጠራዋል። ግንቡን ያሠራው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋ ገዥ የነበረው አሚር ኑር ነው። ውስጡ 48 ሄክታር ያህል ቦታ ነው። በዚህች ቦታ ላይ 82 መስጊዶችና ከ100 በላይ የአውሊያ (የሙስሊም ቅዱሳን) መቃብሮች አሉ። ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው። ይህን ሁሉ በእግር ማዳረስ ይቻላል። እንዲያውም ከእግር ሌላ ምርጫ የለም፤ አብዛኛው መንገድ መኪና አያስገባም።

ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር እና ፈላና በር። የከተማዋ ነባር ሕዝብ የሆኑት ሐረሪዎች ገይ ሲናን በሚሉት በራሳቸው ቋንቋ ለያንዳንዱ በር ሌላ ስም አላቸው። በሮቹ የንግድ መንገድ ነበሩ። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ በእነዚህ ወጥቶ ወደ ዘይላና ወደ ሌሎች ወደቦች ይጓዝ ነበር። ጨውና ጨርቅ ደግሞ በእነሱ ይገባ ነበር። ማታ ሲሆን በሮቹ ይዘጉ ነበር። ዛሬም ጠዋት በሮቹ አካባቢ የምታገኙት ንግድ ነው። የኦሮሞና የአርጎባ ሴቶች አትክልቱን፣ ዘይቱኑን፣ ማንጎውን፣ ሸንኮራውን ይዘው ገና በማለዳ ይደርሳሉ። ሸዋ በር ላይ ያለው ገበያ በጣም ሰፊ ነው። ከጨርቅና ከዕቃ እስከ ቅመም ሁሉ አለው። ስለ ዋጋ መከራከር እዚህ ነውር አይደለም። ሐረር ላይ አንቱታ ብዙም ስለማያስፈልግ ጨዋታው ቶሎ ይሞቃል። ዝርዝር ብር መያዝ ብቻ አትርሱ።

ከሸዋ በር ወደ ውስጥ ብትገቡ መንገዱ ወደ ፈረስ መጋላ ያደርሳችኋል። መጋላ ማለት ገበያ ነው። ስሙ እንደሚናገረው ድሮ ፈረስ ይሸጥበት ነበር። አሁን ባጃጅ ነው የሞላው። አልፎ አልፎ ደግሞ ከሐረር መለያዎች አንዷ የሆነችው አሮጌዋ ሰማያዊ ፔጆ ታክሲ ታልፋለች። አደባባዩ ላይ ያለው መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን የተሠራው ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የሐረሩን ገዥ አሚር አብዱላሂን ድል ካደረጉና ከተማዋን ለራስ መኰንን ከሰጡ በኋላ ነው።

ከፈረስ መጋላ ቁልቁል የሚወርደው ጠባብ መንገድ ለእኔ የሐረር ልብ ነው። መኪና ግርግር ይሉታል። መኪናው የልብስ ስፌት መኪና ነው። ግርግሩ ደግሞ ድምፁ። በግራና በቀኝ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ተደርድረዋል። ከሱቆቹ ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ጨርቅ መርጣችሁ ለልብስ ሰፊው ብትሰጡት ቀለል ያለ ሥራ ከሆነ ዞር ዞር ብላችሁ እስክትመለሱ ያደርስላችኋል። ከሐረር ይዤ የምመለሰው ነገር ምን ይሁን ለሚል ሰው መጀመሪያ የምጠቁመው ይህንን ነው። ልኬታችሁ የተወሰደበት መንገድ ላይ የተሰፋ ልብስ ሌላ ቦታ አታገኙም።

መንገዱ ጊድር መጋላ ላይ ያበቃል። ጊድር ማለት ትልቅ ነው። የሥጋ ገበያው እዚህ ነው፤ የግመል ሥጋም አለ። ቀና ብትሉ ጣሪያው ላይ ጭልፊቶች ተሰልፈው ታያላችሁ። ቁራጭ ሥጋ በእጁ ከፍ ያደረገ ሰው እጁ ላይ የክንፍ ነፋስ ይሰማዋል፤ ሥጋው ግን ወዲያው የለም። ልጆች አብረዋችሁ ከሆኑ ጠንቀቅ በሉ፤ ጥፍሩ ስለታም ነው።

ሰፌዱን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። የሐረሪ ሴቶች የሚሰፉት ሰፌድና ሞሰብ ከሌላው አገር ሥራ የሚለየው በጥበቡ ቅጥነት ነው። ደህና ሰፌድ ወራት ይወስዳል። ለሙሽራ የሚሰፋ አለ፣ ለአማት የሚሰጥ አለ፣ ለግድግዳ ብቻ የሚሆን አለ። ሱቅ ውስጥ ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ግቡ፤ ያኔ ሰፌዱ ለምን እንደሚሰፋ ይገባችኋል። የሳሎኑ መቀመጫ ነደባ ይባላል። ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ ምንጣፍ የለበሰ መደብ ነው። ማን የቱ ላይ እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው። ወለሉና ነደባው ቀይ የተቀባ ነው። ቀዩ ጨለንቆ ላይ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ የቤቱ ሰዎች። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሰፌድ፣ በሳህንና በገበታ የተሸፈነ ነው። አንዳንዶቹ ቤቶች እንግዳ ያሳድራሉ። ቢቻል አንድ ሌሊት እደሩ። ጠዋት የሚቀርበውን ቡናም በዚያው ታገኙታላችሁ።

ከቤቱ ወጥታችሁ ወደ ሙዚየም። ራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከመንገሣቸው በፊት የኖሩበት ባለ ውብ እንጨት ሥራ ቤት፣ ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም መኖሪያ ነው። የከተማው ሰው አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ከየቤቱ እየለቀሙ ያሰባሰቡት ነው። የእጅ ጽሑፎች፣ ጌጣጌጥ፣ ጎራዴዎች፣ ሐረር ራሷ ያተመቻቸው መሐለቅ የሚባሉ ሳንቲሞች አሉበት። አንድ ትንሽ ከተማ የራሷን ገንዘብ ማተሟን እዚያ ቆሞ ሲያዩት ስሜቱ ሌላ ነው። ራምቦ ቤት ደግሞ ቅርብ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ ሐረር እየተመላለሰ የቡናና የቆዳ ነጋዴ ሆኖ ኖሯል። በስሙ የሚጠራው ቤት እሱ የኖረበት አይደለም፤ ከእሱ በኋላ የተሠራ ነው። ግን የድሮዋ ሐረር ፎቶዎች ስላሉበትና ሰገነቱ ከተማዋን ስለሚያሳይ ግቡበት።

እዚህ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። የብር ሐብል፣ አሮጌ ቁርኣን፣ የድሮ ሳንቲም "ርካሽ ነው፣ ውሰድ" የሚል ሰው አይጠፋም። አትግዙ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ ክልክል ነው። ከዚያም በላይ አንድ የእጅ ጽሑፍ ከጀጎል ሲወጣ የማይመለስ ነገር ነው የሚሄደው። አዲስ የተሠራ ጌጥ ሞልቷል፤ የሠሪውም እንጀራ ነው።

ለስንቅ ቡና ያዙ። የሐረር ቡና እሸቱ ከነቆዳው በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ ጣዕሙም ከዚህ ይመጣል። በከተማዋ ቆልተው ፈጭተው የሚሸጡ አሉ፤ ሽታው ራሱ መንገድ ይመራል። ሐረርጌ ከፍሬው ሌላ ከቡና ገለባና ከቡና ቅጠል የሚፈላ መጠጥም ስላለው ሳትቀምሱ አትመለሱ። ጣፋጩን ሀላዋም አትለፉ። ለውዙ ደግሞ ከባቢሌ ነው የሚመጣው።

ሰዓት ምረጡ። ጠዋት ገበያው ሕያው ነው። ከምሳ በኋላ የበርጫ፣ ማለትም ጫት የሚቃምበት ሰዓት ይሆናል፤ ከተማዋ ትበርዳለች፣ ሱቁም ይቀዘቅዛል። ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ ሶላት ብዙው ይዘጋል። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ብትይዙ የመስጊዶቹንና የመቃብሮቹን ሥርዓት ይነግራችኋል። ጉዟችሁ ከረመዳን በኋላ ከሆነ ሹዋሊድ የሚባለውን በዓል ልታገኙ ትችላላችሁ። ከስድስቱ የሸዋል ጾም ቀናት በኋላ የሚከበር ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ዝክሩ (መንፈሳዊ ዜማው)፣ ከበሮው፣ የሴቶቹ ልብስ ያስደንቃል።

ሲመሽ ጅቦቹ ይመጣሉ። ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚያበሉ ሰዎች አሉ፤ ሥጋውን በእንጨት፣ አንዳንዴም በአፋቸው ይዘው ያቀርባሉ። እንግዳም መሞከር ይችላል፣ ጥቂት ይከፍላል። ሐረሪዎች ከጅብ ጋር ያላቸው ነገር ግን ለቱሪስት የተፈጠረ ትርኢት አይደለም። ዓሹራ በሚባለው የሙስሊሞች በዓል ዕለት በቅቤ የራሰ ገንፎ ያቀርቡላቸዋል። ጅቦቹ በአበላላቸው የመጪውን ዓመት ዕድል ያሳያሉ ተብሎ ይታመናል። ግንቡ ላይም "ወራባ ኑዱል" የሚባሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ሌሊት ሲሆን ጅቦቹ በእነዚያ ይገባሉ። በቀን ገበያ የዋለበትን ጠባብ መንገድ እያሸተቱ፣ ጊድር መጋላ ላይ የተጣለውን አጥንት እየለቃቀሙ ያድራሉ።